ናይሮቢን ለማወቅ ከናይሮቢ መውጣት

ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። በየብስ የሚሄደውም ሞያሌን ተሻግሮ፣ ማርሳቢትንና ኢሲኦሎን አልፎ፣ እስከ ናይሮቢ ድረስ አስፋልት ይዞ ይደርሳል። ቅርብ ስለሆነች ብዙዎቻችን እንሄዳለን፤ አንዱ ለኤምባሲ ቀጠሮ፣ ሌላው ለሕክምና፣ ሌላው ለንግድ፣ ለሠርግ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ። ስንሄድም ከተማውን እናያለን። ኪሊማኒና ሀርሊንግሃም ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች እንበላለን፣ ኢስሊ እንገበያለን፣ የገበያ ማዕከሎቹን እንዞራለን፣ ሻንጣችንን ሞልተን እንመለሳለን። ስንመለስ ኬንያን አየሁ እንላለን። ያየነው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከተማዋን ብቻ ነው፤ እሷንም ቢሆን በከፊል።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው፦ ናይሮቢ ለዕረፍት የሄደ ሰው ከቆይታው ላይ አንድ ቀን ቆርጦ ከከተማው መውጣት አለበት። ምክንያቱ የገጠሩ ውበት ብቻ አይደለም። ከተማዋ ራሷ የምትገባን ዳርቻዋን ተሻግረን የምትበላው፣ የምትጠጣውና የምታበራው ከየት እንደሚመጣ ስናይ ስለሆነ ነው።

የናይሮቢ ታሪክም ወደዚሁ ይመራል። እንግሊዞች ከሞምባሳ የጀመሩትን የባቡር ሐዲድ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ ሲገፉ በ1899 ማሳዮች ከብቶቻቸውን የሚያጠጡበት ረግረጋማ ሜዳ ላይ ደረሱ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ፣ ለይቼ ካልተናገርኩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከፊታቸው ዳገቱና የስምጥ ሸለቆው ገደል ይጠብቃቸው ነበር። ወደዚያ ከመግባታቸው በፊት ዕቃ የሚያከማቹበት፣ ባቡር የሚጠግኑበትና ሠራተኛ የሚያሰፍሩበት ሰፊ ሜዳ ያ ነበር። ናይሮቢ እንግዲህ የተቆረቆረችው ለመንገድ ዝግጅት ነው። ከዚያች ከተማ ተነስቶ ወደ ገደሉ መንገድ መጀመር የመጀመሪያ ሥራዋን መድገም ነው።

በክረምቱ ዕረፍት ብዙ ዓመት ናይሮቢ የኖሩት አክስቴ ቤት አርፌ ነበር። የጉዞው ሐሳብ የተነሳው እራት ላይ ነው፤ ወዲያው ደግሞ ጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ የየራሱን ቦታ ይጠራ ጀመር። እንዲህ ያለ ቀን ሲታሰብ የሚያስቸግረው ቦታ ማጣት አይደለም፤ የቦታው ብዛት ነው።

የናይሮቢ ብሔራዊ ፓርክ ቅርብ ነው። በ1946 የተከለለ፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ አንበሳና አውራሪስ ከፎቆቹ ፊት ለፊት የሚታዩበት ቦታ ነው። ለግማሽ ቀን ከዚያ የሚሻል የለም፤ እኛ ግን ከከተማ መውጣት ነበር የፈለግነው። በምሥራቅ በኩል ቲካ፣ ፎርቲን ፎልስ የሚባለው ፏፏቴና ኦል ዶንዮ ሳቡክ ተራራ አሉ። በሰሜን 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በአበርዴር ተራሮችና በኬንያ ተራራ መካከል ኒዬሪ አለ። ኒዬሪ ለኢትዮጵያዊ የተለየ ትርጉም አላት። የጣሊያን ምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ የነበረው የአኦስታ መስፍን በግንቦት 1941 አምባ አላጌ ላይ እጁን ሰጥቶ፣ ምርኮኛ ሆኖ ኬንያ ተወስዶ፣ በመጋቢት 1942 ናይሮቢ ውስጥ ሞተ። የተቀበረው ኒዬሪ ነው፤ በጦርነቱ ዘመን የሞቱ የጣሊያን ወታደሮች አጽምም ከእሱ ጋር አርፏል።

በደቡብ ምዕራብ ደግሞ የማጋዲ መንገድ አለ። የንጎንግን ኮረብታዎች ታክኮ ይወርድና 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ኦሎርጌሳይሊ ያደርሳል። ሉዊስና ሜሪ ሊኪ በ1940ዎቹ እዚያ ባደረጉት ቁፋሮ የጥንት ሰው የጠረባቸው የድንጋይ መጥረቢያዎች በብዛት ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹ ዛሬም በወደቁበት ተትተው ለጎብኚ ይታያሉ። ዕድሜያቸው በመቶ ሺህዎችና እስከ ሚሊዮን በሚደርሱ ዓመታት ይቆጠራል። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው መልካ ቁንጥሬ አዋሽ ዳር የተገኙትም የዚሁ ዓይነት መጥረቢያዎች ናቸው፤ መልካ ቁንጥሬ ከባልጪት ጋር በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሁለቱ ዋና ከተሞች እያንዳንዳቸው ከደጃፋቸው ብዙ ሳይርቅ የሰው ልጅ የጥንት የእጅ ሥራ አላቸው። ይህን ሐሳብ መተው ከብዶኝ ነበር።

በመጨረሻ የመረጥነው ምዕራቡን ነው፤ ሊሙሩ፣ ከዚያ የገደሉ ቁልቁለት፣ ማይ ማሂዩ፣ ናይቫሻ። አንድ አቅጣጫ፣ አንድ መንገድ። ሁለት አቅጣጫ የሚያጣምር የአንድ ቀን እቅድ ወረቀት ላይ ሙሉ ይመስላል፤ ሲኬድበት ግን ቀኑ መኪና ውስጥ ያልቃል። የተቀሩት ቦታዎች የትም አይሄዱም። ለሌላ ጊዜ መተው የሚችል ሰው ነው የያዘውን ቀን በደንብ የሚኖረው።

ሁለተኛው ሚዛን አብሮን የሚሄደው ሰው ነበር። የአክስቴ የበኩር ልጅ ሎንጎኖት ተራራ ላይ መውጣት ፈልጎ ነበር። 2,776 ሜትር ከፍታ ያለው፣ አናቱ ላይ ሰፊ የእሳተ ገሞራ አፍ ያለው ተራራ ነው፤ አቀበቱ ሲያልቅ በአፉ ዙሪያ የሚደረገው የእግር መንገድ ብቻ ከ7 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ለወጣት የሚያኮራ ቀን ይሆናል። አክስቴ ግን ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ የቤቱ ትንሿ ልጅም ብዙ መሄድ አትችልም። «እናንተ ውጡ፣ እኔ ታች መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ» አሉ አክስቴ። ልጃቸው ግን እሺ አላለም። «እማዬ ታች ከቀረች ጉዞው ለሁለት ተከፈለ ማለት ነው» ብሎ ሐሳቡን ራሱ ለወጠ። በቤተሰብ ጉዞ እቅዱ የሚለካው በጉልበታሙ ሳይሆን በደካማው ነው፤ ያንን ሳይነግሩት ያወቀ ልጅ ያሳደጉ እናት የታደሉ ናቸው። በሎንጎኖት ፋንታ ሄልስ ጌት የተባለውን ፓርክ ያዝን። እዚያ ወጣቱ በብስክሌት፣ ትልልቁ በመኪና፣ ያው አንዱ መንገድ ላይ አብረው መሄድ ይችላሉ።

ሰዓቱን ከቀጠርነው ሾፌር ጋር መነጋገር ቀላል ነበር። ኬንያውያን በስዋሂሊ ሲነጋገሩ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደ እኛው ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ሲሉ የእኛው አንድ ሰዓት ነው፤ እኩለ ቀን ስድስት ሰዓት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። ምክንያቱም አንድ ነው፤ ለምድር ወገብ የቀረበ አገር ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ለመሆን ስለሚቃረብ ቀኑን ከፀሐይ መውጫ ጀምሮ መቁጠር ለሕይወት ይመቻል። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ አንድ ዲግሪ ብቻ ትርቃለች። በጋም ሆነ ክረምት ብርሃኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። የአንድ ቀን ጉዞ የሚታቀደው በዚያ ብርሃን ልክ ነው። ሲነጋ መነሳት፣ ሳይመሽ መመለስ።

ሳይመሽ መመለስ የምለው ለምቾት ብዬ አይደለም። በገደሉ ላይ ያለው መንገድ ጠባብ ነው፤ ወደ ናሮክና ወደ ምዕራብ ኬንያ የሚሄዱ ከባድ መኪናዎች ይርመሰመሱበታል፣ ጭጋግም ይወርድበታል። እሑድ ማታ ደግሞ ከናይቫሻና ከናኩሩ የሚመለሰው የናይሮቢ ሕዝብ መንገዱን ይዘጋዋል። ስለዚህ የሥራ ቀን መረጥን፤ ዕረፍት ላይ ላለ ሰው ረቡዕና ሐሙስ ከቅዳሜና እሑድ ይሻላሉ።

ወቅቱም መታሰብ አለበት። የእኛ ክረምት ለናይሮቢ ደረቅና ብርዳማ ጊዜ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ዝናቡ ጥቂት፣ ሰማዩ ግን ደመናማ ነው፤ ሊሙሩ ላይ ጠዋት ጋቢ የሚያስፈልገው ሰው ይኖራል። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ትንሹ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። በዝናቡ ወራት በዚህ መንገድ የሚሄድ ሰው ጥንቃቄ ይገባዋል። በሚያዝያ 2024 መጨረሻ ከላይ የመጣ ጎርፍ በሌሊት ማይ ማሂዩ አጠገብ ያሉ መንደሮችን ጠርጎ ከ40 በላይ ሰዎች ገድሏል። የአየሩን ሁኔታ ጠይቆ መነሳት ከስንቅ በፊት የሚታሰብ ነገር ነው።

መጓጓዣው በሦስት ዓይነት ይገኛል። ማታቱ የሚባለው የሕዝብ ሚኒባስ ርካሽ ነው፤ ከመሀል ከተማ ሲሞላ ይነሳል፣ ብቻውን ለሚሄድ ወጣት አገሩንና ሕዝቡን ያስተዋውቀዋል። ባቡርም አለ። በ2019 የተከፈተው አዲሱ መስመር ከናይሮቢ ተነስቶ በንጎንግ ሥር በተቆፈረ ረጅም ዋሻ ያልፍና ማይ ማሂዩና ሱስዋ ይደርሳል፤ ጣቢያዎቹ ግን ከሚታዩት ቦታዎች ስለሚርቁ ከዚያ ሌላ መኪና ያስፈልጋል። አረጋዊና ሕፃን ለያዘ ቤተሰብ የሚሻለው መኪና ከሾፌር ጋር መከራየት ነው፤ ቁርጡን ዋጋ፣ ነዳጁን፣ የሾፌሩን ምሳና የመመለሻ ሰዓት አስቀድሞ በግልጽ መነጋገር ከሁለቱም ወገን ቅሬታን ያርቃል። ገንዘብ በኤም-ፔሳ ይከፈላል። በመንገድ ዳር ካሮት የምትሸጠው ሴት እንኳ በስልክ ትቀበላለች። የብሔራዊ ፓርኮቹ መግቢያ ጥሬ ገንዘብ ስለማይቀበሉ ክፍያውን በኢንተርኔት አስቀድሞ መጨረስ ይበጃል። ዋጋው እንደ ዜግነት ስለሚለያይ ፓስፖርት መያዝ አይረሳም።

አክስቴ ሌሊቱን ቆሎ ቆልተው፣ ዳቦ ቆሎ አዘጋጅተው፣ ሻይ በፔርሙዝ ሞልተው አደሩ። በመንገድ ላይ ምግብ ሞልቷል ብንላቸው «መንገድ ያለ ስንቅ አይወጣም» አሉን። ከሾፌሩ ጋር ያወዳጀን ያ ቆሎ ነው።

ጎህ ሲቀድ ወጣን። ዋያኪ ዌይን ይዘን ስንወጣ ወደ ከተማው የሚገባው መኪና መደዳውን ይዞ ነበር፤ እኛ በምንሄድበት በኩል መንገዱ ባዶ ነው። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን አየሩ ተለወጠ። ሊሙሩ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ያልፋል፤ የአዲስ አበባ አየር ነው። ኮረብታው ሁሉ ሻይ ነው። ቁጥቋጦዎቹ ከላይ እኩል ተከርክመዋል፤ ቅርጫት በጀርባቸው ያዘሉ ሴቶችና ወንዶች በመስመሮቹ መካከል እየሄዱ እምቡጡን ከሁለት ቅጠል ጋር ይለቅማሉ። ሻይ ኬንያ ውስጥ መጀመሪያ የተተከለው እዚሁ ሊሙሩ ላይ በ1903 ነው። ዛሬ ኬንያ ጥቁር ሻይ ወደ ውጭ በመላክ በዓለም ቀዳሚ ናት። ቡናን ለዓለም ከሰጠ አገር ለሄደ ሰው አንድ ቅጠል በመቶ ዓመት ውስጥ የአንድን አገር ኢኮኖሚ እንዴት እንደሚሸከም ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

ሻዩ ውብ ነው፤ መሬቱ ግን ባለቤት ነበረው። የቅኝ ገዢው መንግሥት በሊሙሩዋ ቲጎኒ ይኖሩ የነበሩ ኪኩዩዎችን ለነጭ ገበሬዎች ሲል ነቅሎ ወደ ላሪ አዛወራቸው። ከዚያ ዝውውር የተረፈው ቂም በፀረ ቅኝ ግዛቱ የማው ማው አመፅ ዘመን፣ በመጋቢት 1953፣ ላሪ ላይ ወንድም ወንድሙን የገደለበት ሌሊት ሆነ። ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ የተወለደው በ1938 እዚህ ሊሙሩ አጠገብ፣ ካሚሪቱ በምትባል መንደር ነው። በ1977 ከመንደሩ ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ጋር ሆኖ በኪኩዩ ቋንቋ ቲያትር አሳየ፤ ስለ መሬት ነበር። መንግሥት ቲያትሩን አግዶ እሱን ያለ ፍርድ አሰረው። በግንቦት 2025 በስደት አገር በአሜሪካ አረፈ። በሻዩ መካከል ስናልፍ ሾፌራችን የአያቱ መሬት የነበረበትን አቅጣጫ በእጁ አሳየን። አክስቴ «ልጄ፣ መሬት የማያስለቅስበት አገር የለም» አሉት። እሱም ቀስ ብሎ «እውነት ነው እማማ» አላቸው።

ከሊሙሩ ጥቂት ሄዶ መንገዱ ወደ ግራ ይታጠፍና መሬቱ ያልቃል። ስምጥ ሸለቆው በድንገት ከእግር ሥር ይገለጣል። ሎንጎኖት ከታች ብቻውን ቆሟል፣ የሱስዋ ተራራ በሩቅ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ሜዳው እስከ ተቃራኒው ግድግዳ ድረስ ይዘረጋል። መንገድ ዳር የበግ ለምድና ቆብ የሚሸጡ ወጣቶች ቆመዋል። መኪናውን አቁመን ወረድን።

ትንሿ ልጅ የትምህርት ቤቷን ካርታ አስታውሳ «ይሄ የላንጋኖው ሸለቆ ነው?» ብላ ጠየቀች። ነው። ከአፋር ተነስቶ አዋሽን ይዞ፣ ዝዋይን፣ ላንጋኖን፣ አቢያታን፣ ሻላን፣ ሐዋሳን፣ አባያንና ጫሞን አልፎ፣ ኦሞ ወደ ቱርካና ሐይቅ በሚገባበት ድንበር ተሻግሮ፣ ባሪንጎን፣ ቦጎሪያን፣ ናኩሩንና ናይቫሻን ይዞ ወደ ማጋዲ የሚወርደው ያው አንዱ ስንጥቅ ነው። ጣርማበር ላይ ቆሞ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ያየ ሰው ይህን እይታ ያውቀዋል፤ ብርዱንም፣ ጭጋጉንም፣ ከእግር ሥር መሬት የጠፋ ያህል የሚሰማውንም ስሜት። በዓይኔ ያየሁት አገር ባዕድ አልነበረም። ከአገሬ የሚጀምር ነገር ቀጥሎ አገኘሁት።

ከጣርማበር ጋር የሚያገናኘው ሌላም ነገር አለ። በጣርማበር ተራራውን የሚበሳው አሮጌ ዋሻ ጣሊያን በወረራው ዘመን የቆፈረው ነው። እዚህ ወደ ማይ ማሂዩ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድም የሠሩት ጣሊያኖች ናቸው፤ እነዚህ ግን ምርኮኞች ነበሩ። በ1941 መጀመሪያ ከኬንያ የተነሳው ጦር፣ በውስጡ ብዙ የምሥራቅና የምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች ይዞ፣ በሶማሊያ በኩል ዞሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ከሱዳን በኩል ከአርበኞች ጋር ገስግሠው በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዋና ከተማቸው ገቡ። የተማረኩት ጣሊያኖች በአሥር ሺህዎች እየሆኑ ወደ ኬንያ ተጋዙና ለእንግሊዝ መንገድ ሠሩ። በቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከመንገዱ ጠርዝ ላይ፣ በ1942 የሠሯት ትንሽ የካቶሊክ ጸሎት ቤት ዛሬም አለች። ጥቂት ሰው ሲገባባት ትሞላለች።

አክስቴ ከውጭ ቆመው አማተቡ። እኔ እዚያ ቆሜ ያሰብኩት ስለ ሌሎች ሰዎችም ነበር። እነዚያ ምርኮኞች ኬንያ ከመድረሳቸው ጥቂት ዓመታት በፊት ከጣሊያን መርዝና ቦምብ የሸሹ ኢትዮጵያውያን በሺህዎች ሆነው ድንበሩን ተሻግረው ገብተው ነበር፤ እንግሊዞች መጀመሪያ ኢሲኦሎ፣ ኋላም ታቬታ ላይ በሰፈራ ጣቢያ አኖሯቸው። አባራሪውም ተባራሪውም ተራ በተራ እዚሁ አገር ታጥረው ኖሩ። የጣሊያኖቹ ጸሎት ቤት ቆማ ትጎበኛለች፤ የእኛ ስደተኞች የኖሩበትን ግን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። የኢትዮጵያ ልጆች በኬንያ ጉዟቸው ይህን ታሪክ ሊጠይቁና ሊጽፉት ይገባል እላለሁ። ለወራሪው ልጆችም ጸሎት የሚመኝ ልብ ያላቸው እናቶች አሉን፤ ለራሳችን ስደተኞችም ማስታወሻ የሚያቆም ትውልድ ያስፈልገናል።

ከማይ ማሂዩ ወደ ቀኝ ይዘን ሎንጎኖትን ታክከን ናይቫሻ ደረስን። ሄልስ ጌት ከ1984 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ 68 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። መግቢያው ላይ ብስክሌት ይከራያል። የአክስቴ ልጆች በቀይ ገደሎቹ መካከል ባለው ሜዳ ከፊት ከፊት ይነዳሉ፣ እኛ በመኪና ቀስ እያልን እንከተላለን፤ የሜዳ አህያው፣ ቀጭኔውና ከርከሮው ከመንገዱ ዳር ይግጣል። ከእንስሳት ጋር ያለ መስታወትና ያለ ብረት አጥር አንድ መሬት ላይ መሄድ ለከተማ ልጅ ትልቅ ነገር ነው። ወደ ጠባቡ ሸለቆ መውረድ የፈለገ ግን ጠባቂዎቹን ይጠይቅ፤ ሰማዩ ከጠቆረም ይተው። በ2019 ከላይ የመጣ ድንገተኛ ጎርፍ እዚያ ሰባት ሰዎች ወስዷል።

ከፓርኩ ጀርባ ነጭ እንፋሎት ይነሳል። ኦልካሪያ ነው። ከመሬት ሥር የሚወጣው የጋለ እንፋሎት በትልልቅ ቱቦዎች ተጉዞ ተርባይን ያዞራል፤ የመጀመሪያው ጣቢያ ሥራ የጀመረው በ1981 ነው። ዛሬ ኬንያ ከምታመርተው ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ገደማው ከምድር ሙቀት ይገኛል። ከዚሁ ሸለቆ በእኛ በኩል፣ ላንጋኖ አጠገብ፣ አሉቶ ላይ ያለው እንፋሎትም ይኸው ሙቀት ነው፤ እኛ ገና ብዙ ይቀረናል። ሌላም መስመር አለ። ከወላይታ ሶዶ የተነሳው 500 ኪሎ ቮልት የኤሌክትሪክ መስመር ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ የሚያርፈው ከማይ ማሂዩ ወደ ናሮክ በሚወስደው አቅጣጫ፣ ሱስዋ ላይ ነው። ከኅዳር 2022 ጀምሮ የኢትዮጵያ ወንዞች ጉልበት በዚያ በኩል ኬንያ ይገባል። አክስቴ ይህን ሲሰሙ «እንግዲህ እኔ ቤት የሚበራውም ካገሬ ነው» አሉ። ከፊሉ እውነት ነው። ሾፌራችንም ሳቀና «መብራት ሲጠፋ ለእናንተ ነው የምንደውለው ማለት ነው» አላቸው፤ ሁላችንም ሳቅን።

ቀኑ ረቡዕ ስለነበር አክስቴ ይጾማሉ። ናይቫሻ ከተማ ገብተን ጊዘሪ አገኘን፤ በቆሎና ቦሎቄ አብሮ የተቀቀለ ነው፤ የእኛ ንፍሮ ከዚህ የተለየ አይደለም። ከጎመን ጋር አድርገው በደንብ በሉ። ሐይቁ ዳር የአበባ እርሻዎቹ የፕላስቲክ ጣራ ረድፍ ይዞ ይሄዳል፤ የናይቫሻ ጽጌረዳ በአውሮፕላን አውሮፓ ገብቶ ይሸጣል። ዝዋይ ሐይቅ ዳርም ያየነው ይኸው ነው፤ ሸለቆው አንድ፣ አየሩ ተመሳሳይ፣ ገበያውም አንድ ነው፤ ከሐይቁ ምን ያህል ውሃ ይቀዳል፣ ሠራተኛዋ ምን ታገኛለች የሚለው ጥያቄም ሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ስንመለስ የላይኛውን መንገድ ያዝን። በደጋው ላይ ሶኮ ምጂንጋ የሚባል የመንገድ ዳር ገበያ አለ፤ ድንች፣ ጥቅል ጎመን፣ ካሮት፣ ቆስጣ ተቆልሎ ይሸጣል። አክስቴ እየተከራከሩ ሸመቱ። ሴትየዋ የምትለው ዋጋ ናይሮቢ ውስጥ ሰፈራቸው ካለው ገበያ እጅግ ያነሰ ነው። «ይቺን ካሮት በናይሮቢው ዋጋ የምገዛው ይህን መንገድ ከሄደች በኋላ ነው» አሉ። ይህች አጭር ንግግር ስለ ከተማና ገጠር ከሚጻፈው ብዙ ነገር ትበልጣለች።

ናይሮቢ የገባነው ብርሃኑ ሊያልቅ ሲል ነው። ከተማዋ ያው ናት፤ እኔ ግን ሌላ ነገር አየሁባት። የጉሊቱ ጎመን ከየትኛው ደጋ እንደወረደ፣ ጠዋት የጠጣነው ሻይ ከየትኛው ኮረብታ እንደተለቀመ፣ የመንገድ መብራቱ ከምን እንደሚበራ አውቄያለሁ። ውሃዋም አብዛኛው የሚመጣው ከአበርዴር ተራሮች ነው። ኬንያዊቷ ዋንጋሪ ማታይ በ1977 የአረንጓዴ ቀበቶ ንቅናቄን ስትመሠርት የገጠር ሴቶች ዛፍ እንዲተክሉ ያደረገችው፣ ኋላም የናይሮቢን የካሩራ ደን ከሕንፃ ተቋራጮች ለማዳን እስከ መደብደብ የደረሰችው፣ የዚህን ትስስር ዋጋ ስላወቀች ነው። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣት ሸላሚዎቹ ዛፍን ከሰላም ጋር አንድ ያደረጉት ያለ ምክንያት አልነበረም። ከተማ ብቻዋን አትኖርም፤ የሚያኖራትን ካላወቀች ደግሞ ታጠፋዋለች።

ይህ ለእኛም ነው። አዲስ አበቤ ገጠር የሚወጣው ለቅሶ ለመድረስ፣ ሠርግ ለመታደም፣ ለንግሥ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ ነው። ይህ ትልቅ ባህል ነው፤ እንዲቀር አልመኝም። ነገር ግን ምንም ሳይጠራን፣ አገሩን ለማየት ብቻ፣ ልጆቻችንን ይዘን የምንወጣበት አንድ ቀን ያስፈልገናል። የመናገሻ ደን ቅርብ ነው። መልካ ቁንጥሬና አዳዲ ማርያም በአንድ መንገድ ይገኛሉ። ወንጪ፣ ደብረ ሊባኖስ፣ የቢሾፍቱ ሐይቆች ሁሉም ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባባቸው ናቸው። የጸጥታውን ሁኔታ ጠይቆ፣ ወቅቱን አይቶ፣ ስንቅ ቋጥሮ፣ አንድ አቅጣጫ መርጦ መነሳት ነው።

ናይሮቢ የምትሄዱም ጉዳያችሁን ጨርሱ፤ ኤምባሲውም ገበያውም ይደረስበታል። ግን አንድ የሥራ ቀን ለሸለቆው አስቀምጡ። አንድ የናይሮቢ ነዋሪ አብሯችሁ ይሂድ፤ አረጋዊ ካለም አትተዉት፣ የሚያየውን የሚተረጉምላችሁ እሱ ነውና። ከመኪናው ደጋግማችሁ ውረዱ፤ የሚሸጠውን፣ የሚለቅመውን፣ የሚጠብቀውን ሰው አናግሩ። ከአፋር ተነስቶ የመጣውን አንዱን ሸለቆ በሌላ በኩሉ ቆሞ ማየት ጎረቤትነት በስብሰባ አዳራሽ የተፈጠረ ወሬ አለመሆኑን ያስረዳል። መሬቱ ራሱ ሳንነጋገር ቀድሞ አገናኝቶናል፤ ለእኛ የቀረን ሥራ መተዋወቅ ነው።